አንብቤ ያጠፍሁት መስመር

ይህን ነገር ስድስት ዓመት ሙሉ ለማንም አልተናገርሁም። ሚስቴ አልጋ ላይ ሆና ዓይን ዓይኔን እያየች ስትጠብቀኝ አልነገርኋትም። ነፍስ አባቴ «የቀረ አለ?» ብለው ሲጠይቁኝ «የለም፣ አባቴ» ብያለሁ። አሁን ለማታውቁኝ ሰዎች ልናገረው ነው። ለማያውቁት ሰው መናዘዝ እንደሚቀል አውቃለሁ። ቀላሉን መንገድ መረጠ ብትሉኝ አልከራከርም።

ስም በመጥራት እጀምራለሁ። ስም ሳይጠራ የሚነገር ጥፋት ሐሜት ነው፤ እኔ ደግሞ በሐሜት ብዙ የተጠቀምሁ ሰው ነኝ።

የመጀመሪያዋ እናንዬ ናት፤ የቄስ ተሰማ ልጅ፣ የዳባት ሰው፣ በቁርባን ያገባኋት ሚስቴ። በሃያ ዓመቷ ከአባቷ ቤት ወጥታ ወደ እኔ ቤት ገባች። ከእኔ በፊትም ሆነ ከእኔ በኋላ ወንድ አታውቅም። ይህችን አንዲት ቃል አጥብቃችሁ ያዙልኝ፤ ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ለእሷ ሲባል ነው።

ሁለተኛዋ ማስተዋል ናት፤ አንድያ ልጃችን። ነገሩ ሲሆን ዐሥራ አራት ዓመቷ ነበር፤ ስምንተኛ ክፍል ትማራለች። ሦስተኛዋ ሲስተር ዘመናይ ናት፤ ክትባቱን ይዛ የመጣችው የጤና ጣቢያ ነርስ። አራተኛው መምሬ ጥበቡ ናቸው፤ ጸበል የሚያጠምቁ አባት። ከእነዚህ ቀጥሎ ዐሥራ ዘጠኝ ልጃገረዶች አሉ። ስማቸውን አልጽፍም። በሕይወት አሉ፤ ነገም ያገባሉ፣ ይወልዳሉ።

የመጨረሻው እኔ ነኝ። ይግዛው እባላለሁ። ቁስቋም የምኖር ግንበኛ ነኝ።

ትምህርት ቤት አልገባሁም። ፊደል የቆጠርሁት ከቤተ ክርስቲያን ነው። ዳዊት ደግሜ ሳልጨርስ አባቴ ሞተና ድንጋይ ጠረባ ገባሁ። የቀረውን ራሴ ለራሴ አስተማርሁ። ስኳር የተጠቀለለበትን ጋዜጣ ሳላነብ አልጥልም ነበር። አራዳ ገበያ ወርጄ አሮጌ መጽሐፍ ከሚሸጡት ላይ የሕጉንም፣ የታሪኩንም፣ የጤናውንም እየገዛሁ አነበብሁ። በሰፈሩ ደብዳቤ የመጣለት፣ የፍርድ ቤት ወረቀት የደረሰው ሰው ወደ እኔ ነው የሚመጣው። «አያ ይግዛው ያንብበው» ይባላል። እኔም አንድ ሕግ ነበረኝ፤ ወረቀት እስከ መጨረሻው ሳይነበብ ማንም አይፈርም፣ ማንም አይፈርድ። አንዱ ጎረቤቴ የቤት ኪራይ ውል ገጹን ሳይገልጥ ፈርሞ ቢመጣ፣ በልጆቹ ፊት «ደንቆሮ» ብየዋለሁ። እንዲህ ያለ ሰው ነበርሁ። በዚህ ምክንያት የትምህርት ቤቱ የወላጆች ኮሚቴ ሰብሳቢ አደረጉኝ።

አንድ ቀን ሲስተር ዘመናይ የማኅፀን በር ካንሰር ክትባት ለዐሥራ አራት ዓመት ልጃገረዶች እንደሚሰጥ ነግራ ስብሰባ እንድጠራላት ጠየቀችኝ። ለወላጆች የምታነበውን ወረቀትም አስቀድማ ሰጠችኝ። አንድ ገጽ ነው። ቤቴ ወስጄ አራት ጊዜ አነበብሁት። አራት ጊዜ ብያለሁ፤ ቁጥሩን አልረሳሁም።

ወረቀቱ በሽታው የሚተላለፈው በግብረ ሥጋ ግንኙነት እንደሆነ ይናገራል። ከዚያ በታች ያለው መስመር ደግሞ ከባሏ በቀር ወንድ የማታውቅ ሴትም ልትያዝ እንደምትችል፣ ባል ከጋብቻ በፊት የያዘውን ዓመታት ሳያውቀው ተሸክሞ ለሚስቱ ሊያስተላልፍ እንደሚችል ይናገራል። እዚያ መስመር ላይ ስደርስ ጆሮዬ ጋለ። በአራቱም ጊዜ ጋለ።

ለምን እንደጋለ ልንገራችሁ። እናንዬን ከማግባቴ በፊት ሦስት ዓመት በሰሊጥ አጨዳ ጊዜ መተማ ወርጃለሁ። የሰሊጥ ሠራተኛ ደመወዙን በተቀበለ ማግስት የት እንደሚሄድ የሚያውቅ ያውቃል። እኔም ሄጃለሁ። አንድ ጊዜ አይደለም። ሴቶቹ ስም ነበራቸው፤ የአንዷንም አላስታውስም። ልቆርብ ስል ይህን ለነፍስ አባቴ ተናዘዝሁ። ቀኖና ሰጡኝ፤ ጾምሁ፣ ሰገድሁ፣ ጉልበቴ እስኪላጥ ሰገድሁ። ከዚያ በኋላ የሌላ ሴት ደጅ አልረገጥሁም። ይህን የምለው እንድታመሰግኑኝ አይደለም፤ እውነት ስለሆነ ነው።

እኔ ጥፋቱ በስግደቱ ያለቀ መሰለኝ። ነፍሴ ከነጻች ገላዬም አብሮ የነጻ መሰለኝ። ማን እንዲህ ብሎ አስተማረኝ? ማንም። ነፍስ አባቴ አላሉኝም፤ መጽሐፍም አላለኝም። እኔው ራሴ ጨመርሁበት። ኃጢአቴ እንደተሠረየልኝ ዛሬም አምናለሁ። ይቅርታው ግን ከመተማ ተሸክሜው የመጣሁትን ሕመም ይዞልኝ አልሄደም።

ስብሰባው አንድ ክፍል ውስጥ ነበር። ወላጆቹ የልጆች ዴስክ ላይ ተጣበው ተቀምጠዋል፤ ሴቶቹ በመስኮቱ በኩል፣ ወንዶቹ በበሩ በኩል። እናንዬ ከሴቶቹ መካከል ሁለተኛው ረድፍ ላይ ነበረች። ሲስተር ዘመናይ በደንብ ጀመረች። ልጅ ነች፤ ገና ሥራ ከያዘች ዓመት የሞላት አይመስለኝም። ሰው ግን ይሰማት ነበር።

«ሲስተር፣ ለእኛ ለአሮጌዎቹስ?» አለች አንዲት ጠላ ሻጭ። «የኛ ቆዳ መርፌውን ያጥፈዋል?»

ሴቶቹ ሳቁ። ሲስተር ዘመናይም ሳቀች። «ለእናንተ ምርመራ አለ፣ እናቴ። ሐሙስ ሐሙስ ጤና ጣቢያ ኑ። ደም ያለጊዜው የሚታያት ካለች አትቆይ፤ ቶሎ ከታየ ይድናል» አለች።

ከወንዶቹ በኩል ደግሞ ወፍጮ ቤት ያለው ደሴ ተነሣ። «ወንዱንስ ምነው ዘለላችሁት? ማኅፀን ባይኖረን ክንድ አለን እኮ» አለ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

«ሸጋ ጠየቁ» አለች ሲስተር ዘመናይ። «በሽታው ለሴቷ የሚደርሳት...» ብላ ወረቀቱን አነሣች። ልታነበው ነው። ያንን መስመር ልታነበው ነው። እናንዬ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣ ልትሰማው ነው። አማቶቼ ዳባት ሆነው ሰምተውት፣ የሰፈሩ ወንድ ሁሉ እርስ በርሱ ተያይቶ፣ ከመካከላቸው መተማ አብሮኝ የወረደ አንድ ሰው ወደ እኔ ሊዞር ነው።

ተነሣሁ። «አምጭው፣ እኔ ላንብበው፣ ሲስተር። ሰው የኔን ንባብ ለምዶታል» አልሁ።

ደስ ብሏት ሰጠችኝ። አስቡት፤ ደስ ብሏት። የሰፈሩ ሽማግሌ ያግዘኛል ብላ ነው።

ድምፄን ከፍ አድርጌ ማንበብ ጀመርሁ። በሽታው በግብረ ሥጋ ግንኙነት እንደሚተላለፍ የሚናገረውን መስመር ሁለት ጊዜ አነበብሁት። ከዚያ ወረቀቱን አጠፍሁት። ከሁለተኛው መስመር በላይ፣ በጥፍሬ ጭሬ አጠፍሁት። አላየሁትም ነበር ማለት አልችልም። አጥፌው ሳበቃ እንዲህ አልሁ፦

«እንግዲህ ሰማችሁ። ከዝሙት የሚመጣ በሽታ ነው። ልጁን ለዚህ የሚያስወጋ አባት ልጄ ትዘሙታለች ብሎ ፈረመ ማለት ነው። ቤቷን የጠበቀች ሴት ይህ በሽታ አያውቃትም።»

ያችን የመጨረሻዋን ቃል ማን ጻፈልኝ? ወረቀቱ ላይ የለችም። ወረቀቱ ላይ ያለው ተቃራኒዋ ነው። እኔ ራሴ ጠርቤ፣ እኔ ራሴ አስተካክዬ፣ እንደ ማዕዘን ድንጋይ አስቀመጥኋት። ወንዶቹ አጨበጨቡ። መተማ አብሮኝ የወረደው ከሁሉም በላይ አጨበጨበ።

«አያ ይግዛው፣ አልጨረሱትም፤ ከታች አለ» አለች ሲስተር ዘመናይ።

«አንቺ ራስሽ ሳታገቢ ስለ ማኅፀን ታስተምሪናለሽ?» አልኋት። ሰው ሳቀ። የልጅቱ ፊት ደም መሰለ። ወረቀቶቿን መሰብሰብ ጀመረች፤ አንዱ ከእጇ ወድቆ ደሴ አንሥቶ ሰጣት። እናንዬን ያን ጊዜ አላየኋትም። ሌላ ሌላውን ሁሉ ሳይ እሷን አላየኋትም።

እዚያ ላይ ባቆም ኖሮ ምናልባት ነገሩ ይረሳ ነበር። አላቆምሁም። ክትባቱ የሚሰጠው ለአንድ ሳምንት ነው። አንዳንድ እናቶች ሲያመነቱ አየሁ። «ማምከኛ ነው ይላሉ» የሚል ወሬ ከስልክ የሰሙ ነበሩ፤ «ምነው ታዲያ ሐኪሞቹ የራሳቸውን ልጆች ይወጋሉ?» የሚሉም ነበሩ። እነዚህ ሰዎች የፈሩት በእውነት ነው። ፍርሃታቸውን አልንቅም። የፈራ ሰው ቁጭ ብለው ቢነግሩት ይረዳል። እኔ ግን አልፈራሁም። እኔ ያፈርሁ ነኝ። አፍሬ ሳለሁ ፍርሃታቸውን ተከራየሁት።

በእኛ ዘንድ ጸበል የገባ ሰው ሰባቱን ቀን እስኪጨርስ መድኃኒት አይነካም የሚል ልማድ አለ። የቤተ ክርስቲያን ሕግ አይደለም፤ ልማድ ነው። ይህን ልማድ እንደ አጥር ላቆመው አሰብሁ። መምሬ ጥበቡ ዘንድ ሄድሁና ልጃገረዶቹ የትምህርት ቤት ፈተና ስለደረሰባቸው ሰባት ቀን ሊጠመቁ ይፈልጋሉ አልኋቸው።

«ሸጋ አሳብ ነው» አሉኝ። «የዘንድሮ ልጅ ጸበል ጠላ እያልን ስናዝን።» ደስታቸው ፊታቸው ላይ ነበር። ዋሽቼ ያስደሰትኋቸው ሁለተኛው ሰው እሳቸው ሆኑ።

ሃያ ልጃገረድ ሰበሰብሁ፤ ዐሥራ ዘጠኙ የሰው፣ አንዷ የኔ። ጠዋት ጠዋት ብርዱ ጥርሳቸውን እያንቀጨቀጨው ወረዱ። ማስተዋል በሦስተኛው ቀን «አባ፣ ለምን ወንዶቹም አይጠመቁም? ፈተናው እኮ የጋራ ነው» አለችኝ። «አርፈሽ ጸልዪ» አልኋት።

በአምስተኛው ቀን ሲስተር ዘመናይን ክትባቱን በበረዶ ሳጥን አንጠልጥላ የጸበሉ መንገድ ዳር ቆማ አገኘኋት። ቀስ ብላ፣ ሰው እንዳይሰማ አድርጋ ለመነችኝ።

«አያ ይግዛው፣ ልጆቹን ለግማሽ ሰዓት ይስጡኝ። ጸበሉን ተዉ አላልሁም። ዕድሜው ካለፋቸው እኮ አይመለስም።»

እኔ እሷ ቀስ እንዳለችው ቀስ አላልሁም። «ጸበል ላይ ያለን ልጅ መርፌ ልትወጊ እዚህ ድረስ መጣሽ?» ብዬ ጮህሁ። እናቶቹ ከቁልቁለቱ ወጡ። አንዷ ጭቃ ወረወረች፤ ነጩ ልብሷ ላይ አረፈ። ሲስተር ዘመናይ ሳጥኑን አቅፋ ሄደች። በማግስቱ «የወላጆች ቅሬታ» የሚል ደብዳቤ ጽፌ አርባ ሰው አስፈረምሁ። አብዛኞቹ ሳያነቡ ነው የፈረሙት፤ እኔም አንብቡ አላልኋቸውም። ሁለት ወር ሳይሞላ ወደ ጃናሞራ ገጠር ተዛወረች።

መምሬ ጥበቡ ነገሩን የሰሙት ሰባቱ ቀን ካለፈ በኋላ ነው። አስጠሩኝ። «ይግዛው፣ እኔን መጋረጃ አደረግኸኝ» አሉ። «ጸበልና መርፌ መቼ ተጣልተው ያውቃሉ? እኔ ራሴ ጠዋት ጠዋት የስኳሬን መርፌ ተወግቼ አይደል ላጠምቅ የምወርደው?» ያሉኝንም ለማንም አላወራሁም። በሚቀጥለው ዓመት ክትባቱ ሲመጣ ለአዲሶቹ ዐሥራ አራት ዓመት ልጆች ሆነ፤ የእኛዎቹ አልፏቸው ነበር።

አሁን ወደ እናንዬ እመጣለሁ። እስካሁን የዘገየሁት ሆን ብዬ ነው፤ እጄ እምቢ እያለኝ።

ከስብሰባው በኋላ እናንዬ ቤተ ክርስቲያን መግባት ተወች። መሄዱን አልተወችም። እሑድ ከእኔ ጋር አብራ ትወጣለች፤ ቅጽሩ በር ስንደርስ እሷ ከውጭ ግንቡን ተደግፋ ትቀራለች። ደም የሚታያት ሴት ወደ ውስጥ እንደማትዘልቅ ታውቃላችሁ። በወር ውስጥ ጥቂት ቀን የሁሉም ሴት ሥርዓት ነው። የእናንዬ ግን ወር አለፈው፤ ክረምቱ አለፈው፤ ጾሙ ገብቶ ተፈታ። እኔ ውስጥ ቆሜ አስቀድሳለሁ፤ እሷ ከውጭ ቆማ ታስቀድሳለች። በቁርባን ያገባች ሴት፣ የቄስ ልጅ፣ ከቁርባን ከራቀች ዓመት ሞላት። የሰፈሩ ሴቶች ያዩ ነበር። እኔም አይ ነበር። ምን ብዬ ተረጎምሁት? ስንፍና አልሁት። ቀጥሎ ከስንፍና የባሰ ነገር አሰብሁ።

አንድ እሑድ ስንመለስ ጠየቅኋት። «ምነው ከቁርባን ራቅሽ? ምን ሠርተሽ ነው?»

«ምንም» አለችኝ። ቀና ብላም አላየችኝ።

እኔ እሷን ጠረጠርኋት። ገባችሁ? እኔ፣ ያንን መስመር በጥፍሬ የጫርሁት ሰው፣ እሷን ጠረጠርኋት።

ነጠላዎቿ አንድ በአንድ ከቤት ጠፉ። የት ገቡ ስላት «ለነዳያን ሰጠሁ» አለች። መልካም አደረግሽ ብዬ አመሰገንኋት። እየቀደደች ለደሙ ትጠቀምባቸው እንደነበር ያወቅሁት በኋላ ነው። ከሳች። ጾም አበዛሽ አልኋት። እንዲያውም ለማስተዋል «እናትሽን ተመልከች፤ ጾም እንዲህ ነው» ብዬ አስተምሬበታለሁ።

አንድ ቅዳሜ ወለቃ ማሰሮ ልንገዛ ሄድን። ሸክላ ከሚሸጡት ሴቶች ዘንድ አንዱን አንሥታ በጣቷ እያንኳኳች ድምፁን ስታዳምጥ ድንገት ተቀመጠች። ማሰሮውን እንዳይሰበር ቀስ ብላ ሣሩ ላይ አስቀመጠችው። «ተነሽ» አልኋት። መነሣት አቃታት። ቀሚሷ እስከ እግሯ ርሶ ነበር። ሸክላ ሻጯ ከኔ ቀድማ አየችና የራሷን ጋቢ አውልቃ አለበሰቻት። «አንተ ሰው፣ ቆመህ ታያለህ? ማኪና ጥራ እንጅ» አለችኝ።

ትልቁ ሆስፒታል ወሰድናት። ሐኪሙ መርምሮ ሲያበቃ ወደ ኮሪደሩ አወጣኝ። የማኅፀን በር ካንሰር መሆኑን፣ ለቀዶ ጥገና ጊዜው እንዳለፈ፣ ከዓመት በፊት ብትመጣ ኖሮ ሌላ ወሬ እናወራ እንደነበር ነገረኝ። «ከምን መጣባት?» አልሁት። ከማንና መቼ እንደመጣ በሕክምና ለይቶ መናገር እንደማይቻል አስረዳኝ። ሰውየው ትሑት ነው። እኔ ግን ለይቼ መናገር እችል ነበር። ቦታውን ከነስሙ እችል ነበር።

በማግስቱ አልጋዋ አጠገብ ተቀመጥሁ። ማስተዋል ሾርባ ልታመጣ ወጥታ ነበር።

«ከጀመረሽ ስንት ጊዜሽ ነው?» አልኋት።

«ከስብሰባው ሁለት ወር ቀድሞ። መጀመሪያ አልፎ አልፎ ነበር፤ ኋላ በረታ።»

«ከየትኛው ስብሰባ?»

«አንቱ ካነበቡት» አለች። ትንሽ ተነፈሰችና ቀጠለች። «ሐሙስ ልሄድ ነበር። ነርሷ ሐሙስ ኑ ስትል ተመስገን ብዬ ነበር፤ ያለችው ሁሉ የኔ ነበር። ከዚያ አንቱ ተነሡ። ቤቷን የጠበቀች ሴት አያውቃትም አሉ። ሄጄ ቢገኝብኝ ምን ብዬ ወደ ቤትዎ እመለሳለሁ?»

ብርድ ልብሷን አስተካከልሁላት።

«ምን እንዳደረግሁ አስቤ አስቤ አጣሁት» አለች። «አንድ ጊዜ፣ ልጅ ሆኜ፣ ዳባት ገበያ አንድ ጎልማሳ እጄን ይዞኝ ነበር። መንጭቄ ሮጥሁ። እሱ ይሆን? እጅ በመያዝ ይመጣል እንዴ?»

ዓመት ከስድስት ወር ሙሉ ግንብ ተደግፋ ቆማ የፈለገችው ይህን ነው። ከሕይወቷ ውስጥ ኃጢአት ስትፈልግ አንድ የተያዘ እጅ አገኘች። ከእኔ የሚጠበቀው ሁለት ቃል ነበር። «ከእኔ ነው» ማለት። ዓይኗ ዓይኔ ላይ ነበር። እስትንፋሷ ቀስ ያለ ነበር፤ ጊዜ ነበረኝ፤ ክፍሉ ውስጥ ሌላ ሰው አልነበረም።

«እግዚአብሔር ያውቃል» አልኋት።

የእግዚአብሔርን ስም ጠርቼ ተሸሸግሁበት። ከጸበሉ በኋላ ሌላ አጥር አልቀረኝም ነበር። እሷም ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ወር ኖረች፤ ስለዚህ ነገር ሁለተኛ አላነሣችም። ያ የገበያ ጎልማሳ ነው ብላ እያሰበች ሞተች።

ለቅሶው ላይ ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጬ ከሸራው ወዲያ የሚያወሩትን ሰማሁ። ሁለት ሴቶች ናቸው፤ ድምፃቸውን አውቀዋለሁ።

«በምን ሞተች ነው የሚሉት?»

«በዚያው ነው። በሴት በሽታው።»

«ውይ። አያ ይግዛው ራሱ ተናግሮት የለ? ቤቷን የጠበቀች አያገኛትም ብሎ።»

«ለዚህ ነዋ ከቁርባን የራቀችው። የቄስ ልጅ ተብላ።»

«እሱስ?»

«ምን ይበል? እያወቀ ታግሦ ይዟታል። ሸጋ ሰው ነው።»

ተነሥቼ መውጣት ነበረብኝ። ያንን ሸራ ገልጬ፣ ያ ሁሉ ሰው ባለበት፣ ሚስቴ ንጽሕት ናት፣ ርኩሱ እኔ ነኝ ማለት ነበረብኝ። በደንብ መናገር የምችል ሰው ነኝ፤ ታውቃላችሁ። አንገቴን ደፋሁ። ሰው ኀዘን መሰለው። አንዱ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።

ከዚያ ወዲህ ዓመታት ሄዱ። ማስተዋል ሃያ ዓመቷ ሆነ። ዘንድሮ አንድ ጥሩ ልጅ ሽማግሌ ላከባት፤ ተነጋገርን፤ ቀን ልንቆርጥ ነበር። በመካከሉ ሽማግሌዎቹ ቀሩ። አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት ጠበቅን። በኋላ የልጁ አክስት «በእናቷ ወጥታ እንደሆነስ?» ማለቷን ሰማን። ማስተዋል ወደ እኔ መጣች። እኔ ግቢው ውስጥ ድንጋይ እጠርብ ነበር።

«አባ፣ እማዬ ምን ሠርታ ነበር?»

«ምንም። እናትሽ ንጹሕ ነበረች።»

«ታዲያ ያኔ ትምህርት ቤት የተናገርኸው?»

መዶሻውን አስቀመጥሁ።

«ወይ ያኔ ዋሽተሃል፣ ወይ አሁን እየዋሸኸኝ ነው» አለች። አልጮኸችም። እናቷም አትጮኽም ነበር።

በሦስተኛው ቀን ይህን መጻፍ ጀመርሁ። መጀመሪያ ጽፌ የሰጠሁት ለእሷ ነው፤ አፌ እምቢ ስላለኝ። መስኮቱ አጠገብ ቆማ ጀርባዋን ሰጥታኝ አነበበችው። ሲያልቅ ከመጀመሪያው ጀምራ ደገመችው። ከዚያ አጣጥፋ መለሰችልኝ። «ባለቤቴ፣ ባለቤቴ እያልህ አትለፋት። ስሟን ከነአባቷ ጻፍ» አለችኝ። ጓዟን ይዛ ዳባት አያቷ ዘንድ ሄደች። ትመለስ እንደሆነ አልጠየቅኋትም።

እንደታዘዝሁት ጽፌያለሁ። ለማታውቁኝ ለእናንተ ብቻም አልተወውም፤ ጽሑፉን ኮፒ አስነሥቼ ለልጁ ሽማግሌዎች፣ ለመምሬ ጥበቡ፣ ለዐሥራ ዘጠኙ ልጃገረዶች ቤት፣ ጃናሞራም ለሲስተር ዘመናይ እልካለሁ። ይህን ካደረግሁ በኋላ ሰው ምን ይለኛል እያልሁ ዛሬም መጨነቄን አልደብቅም። ከዚህ ሁሉ በኋላ እንኳ የምጨነቀው ለዚያ ነው።

አላወቅሁም ልል አልችልም፤ አራት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ዘመኑ ነው፣ ወሬው ነው፣ ሰው ሁሉ እንዲያ ይል ነበር ልል አልችልም፤ ወሬውን ሲጠራጠሩ የነበሩትን እናቶች ያሰርኋቸው እኔ ነኝ። ለልጄ ክብር ብዬ ነው ልል አልችልም፤ የጠበቅሁት የራሴን ነው። ከእናንተ ምሕረት አልጠይቅም። ምሕረት ልትሰጠኝ የምትችለው ሞታለች፤ በሕይወት ያለችውም ጓዟን ይዛ ሄዳለች።

የከፈሉትን ልደምርና ላብቃ። እናንዬ ተሰማ ነፍሷን ከፈለች፤ ከሞተች በኋላ ደግሞ ስሟን። ማስተዋል እናቷን ከፈለች፤ ክትባቷን ከፈለች፤ የሚወዳትን ልጅ ከፈለች። ዐሥራ ዘጠኙ ልጃገረዶች የከፈሉት ገና አይታወቅም፤ ዐርባ ዓመት ሲሞላቸው ይታወቃል፤ እኔ ያን ጊዜ አልኖርም። ሲስተር ዘመናይ ከተማዋን ከፈለች። መምሬ ጥበቡ በእኔ ላይ የነበራቸውን እምነት ከፈሉ። እኔ እስከ ዛሬ ምንም አልከፈልሁም። ይህን ስጽፍ ድረስ በሰፈሩ አያ ይግዛው ነኝ፤ ሚስቱን ታግሦ የያዘ ሸጋ ሰው።